አራት ሞተር፣ አንድ ጃንጥላ

ያ ሰማያዊ ሱዙኪ የግቢውን በር አልፎ ከገባ ጀምሮ አያት ምግቡ አልዋጥ፣ እንቅልፉ አልወስድ ብሏቸው ሰነበቱ። ሞተሩ የቆመው በረንዳው ላይ፣ ድሮ የስፌት መኪናቸው ትቀመጥበት ከነበረው ጥግ ነው። በመስኮት ባዩት ቁጥር አንገቱን ቀብሮ ሊፈናጠር የተዘጋጀ አውሬ ይመስላቸዋል። መጋረጃውን ይዘጋሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አላስችል ይላቸውና ገለጥ አድርገው ያዩታል። እዚያው ነው፤ የትም አልሄደም።

«ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው?» ብለው ነበር የመጀመሪያ ቀን፣ የልጅ ልጃቸው ላዩ ላይ ወጥታ ስታሳያቸው። «ወገብሽን አጥፈሽ፣ አገጭሽን ብረት ላይ አስደግፈሽ! መርፌ የጠፋባት ሴት መስለሻል እኮ።»

«የስፖርት ሞተር ስለሆነ ነው እማዬ። ነፋሱን እንዲሰነጥቀው ነው።»

«ነፋሱ ምን አደረገሽ?»

ሚጡ ከት ብላ ሳቀች። ሚጡ የቤት ስሟ ነው እንጂ በጤና ጣቢያ ቤተ ሙከራ ደም የምትመረምር፣ ራሷን የቻለች ሴት ናት። ለአያት ግን ዛሬም ጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ የምታደርግ ልጅ ናት። እናቷን ሥራዋ ከከተማ ከተማ ሲያንከራትታት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ያሳደጓትም በጃንጥላ ነው ቢባል ያስኬዳል። በትምህርት ቤቷና በቤታቸው መሃል መኪና የማያባራበት ሰፊ መንገድ ነበር። አያት የመውጫው ደወል ሳይደወል ከወዲህኛው ዳር ይቆማሉ። ዝናብ ኖረም አልኖረም ቀይ ጃንጥላቸው ከእጃቸው አይለይም። ጃንጥላው ከተዘረጋ «እንዳትንቀሳቀሺ» ማለት ነው። ሲታጠፍ «ነይ» ማለት ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን አቅፋ ከማዶ ትቆምና ዓይኗን ከጃንጥላው አትነቅልም። ኋላ ላይ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በዚያው ጃንጥላ ይሻገሩ ጀመር፤ «ትራፊኳ» የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው።

አሁን ግን ትራፊኳ የቱ መንገድ ዳር ቆመው እንደሚጠብቁ ግራ ገባቸው። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ልትሄድበት ነው።

አንድ እፎይታ ብቻ ነበራቸው፤ ሞተሩ ከሌላ ሰው የተገዛ ስለሆነ አዲሱ ታርጋ ገና አልወጣም። ሚጡ ወደ አስፋልት ልትወጣበት ስለማትችል ከሥራ ስትመለስ ግቢ ውስጥ እየገፋች ታዞረዋለች፣ ትወለውለዋለች፣ ታወራዋለች። የፊት ፍሬኑን በያዘች ቁጥር ጎማው «ሲ…ጥ!» ይላል። ያ ድምፅ የአያትን ጥርስ ያንገጫግጫል። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፍተው የኖሩ ሴት ናቸው፤ ብረት ሲጮህ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንላቸውም።

ሐሙስ ማታ ላይ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሄዱ። ሚጡ ከሥራ ስትወጣ ጎራ የምትልበት ጋራዥ ነው። ደጃፉ ላይ ሦስት ሞተሮች ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸውም ከሚጡ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። መካኒኩ አንድ የተፈታ ሞተር ፊት ተንበርክኮ ነበር። አያትን ሲያይ ብድግ አለ።

«እማማ! ይግቡ፣ ይግቡ። ልብስዎን ዘይት እንዳይነካዎት» አለና አንዱን በርጩማ በጨርቅ ጠረገላቸው።

«እማዬ፣ ምን እግር ጣለሽ?» አለች ሚጡ እየሳቀች፤ ገና ከመጀመሪያው ነገሩ ገብቷታል።

«አንቺን ፍለጋ አይደለም የመጣሁት» አሉ አያት። ወደ መካኒኩ ዞሩ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቄህ ልሂድ። እኔ በጃፓን የስፌት መኪና ነው ልጅ ያሳደግሁት። የጃፓን ብረት ክፉ እንደማይወጣው አውቃለሁ። ግን ከነዚህ ከሦስቱና ከእሷው ሞተር የቱ ነው ሰውን በደኅና ወስዶ በደኅና የሚመልሰው?»

መካኒኩ አፉን ሳይከፍት ሦስቱ ባንድ ጊዜ ተንጫጩ።

«ሆንዳ ነዋ!» አለ ወፈር ያለው መምህር። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሲናገር ጣቱን እንደ ጠመኔ ያነሳል። «እማማ፣ ሆንዳ ማለት አደብ ያለው ልጅ ማለት ነው። ጠዋት ሲቀሰቅሱት ይነሳል። ጋዝ ሲሰጡት አያስደነግጥም፤ በጠየቁት ልክ ነው የሚሰጥዎት። እንደ ሐር ነው የሚሄደው።»

«እንቅልፍ ያስወስዳል ቢልዎት ይቀለው ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ክንዱ ላይ የዱቄት አቧራ ሳይራገፍ ነው የመጣው። «እማማ፣ የእኔን ያማሃ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቢያዩዋት! ልዙር ብዬ ሳስብ እሷ ዞራለች። ጋዝ ስጨምርላት ደግሞ ሞተሯ ይዘፍናል።»

«ይጮሃል በል እንጂ!» አለ ሽቦ። ሽቦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው፤ ምላሱ ግን የቀጠነ አይደለም። «እማማ፣ እነዚህን አይስሟቸው። ጉልበት ካሉ ካዋሳኪ ነው! ያ አረንጓዴው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ጋዝ ስከፍትለት ክንዴ ከትከሻዬ ሊነቀል ይደርሳል።»

«ታዲያ ክንድህን ቢነቅለው ምኑ ነው ጥሩው?» አሉ አያት።

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ዳቦ ጋጋሪው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ ሽቦም ራሱ ሳቀ።

«አንቺስ የማትናገሪው?» አሏት ሚጡን።

«የእኔዋማ የሥራ ሴት ናት» አለች ሚጡ። «ጉራ የላትም። ጉልበቷን ለመስጠት እስክትጮህ አትጠብቅም፣ መቀመጫዋ ወገብ አይፈጅም፣ ሞተሯ በወጉ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ነው። ለከተማውም ለሩቁም መንገድ ትሆናለች።»

አያት ሁሉንም አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ስለ መሮጥ ሰማሁ። ስለ መዞር ሰማሁ። ስለ ክንድ መነቀልም ሰማሁ። እኔ የጠየቅሁት ግን ሌላ ነው። መቆሙንስ? ሕፃን ልጅ ዘሎ መንገድ ቢገባ ከናንተ ሞተር ቶሎ የሚቆመው የቱ ነው?»

ጭቅጭቁ እንደገና ፈላ። «ሆንዳ!» «ያማሃ!» «ኧረ በናትህ!» መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲሰማቸው ቆየና «እማማ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት» አለ። «እውነቱን ከፈለጋችሁ በዚህ ልክ ያሉ ሞተሮች አራቱም ጥሩ አድርገው ይቆማሉ። የሚለያያቸው ጎማው ነው፣ የፍሬን ሸራው ነው፣ ከሁሉም በላይ የያዛቸው እጅ ነው።»

«እንፈትናቸዋ!» አለ ሽቦ። «ቅዳሜ አሮጌው መጋዘን ግቢ እንሂድ። እኩል ፍጥነት፣ እኩል መስመር፣ ከዚያ ፍሬን! ራቅ ብሎ የቆመ አፉን ይዘጋል።»

«አንተ አፍህን ስትዘጋ ለማየት እኔ በእግሬም እመጣለሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሚጡ ግን አልሳቀችም። በርጩማዋን ወደ አያቷ አስጠጋች።

«እማዬ፣ አንቺም ነይ። በዓይንሽ እዪ። መለኪያ ሜትርሽን ይዘሽ አንቺው ለኪ። የእኔዋ ከአራቱ ሁሉ ርቃ ከቆመች እሸጣታለሁ። ካልሆነች ግን ስለ ሞተር ሁለተኛ አታነሺብኝ። አትቆጪኝም፣ አታለቅሺብኝም፣ እህል አልበላም አትዪኝም።»

አያት ቀና አሉ። «ትሸጫታለሽ?»

«እሸጣታለሁ።»

«እናንተም ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አሉ ሁሉም።

አያት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እግራቸው መሬት አልረገጠም። ያ ገና ሲገፋ ሲጢጥ የሚል ሞተር ከነዚያ ሁሉ ኋላ እንደሚቀር አልተጠራጠሩም። ቅዳሜን እንደ ሠርግ ቀን ጠበቋት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጡ ሞተሩን ከበረንዳው አውርዳ በሩ አጠገብ አቆመችው። ስታወርደው ያ ድምፅ ሰፈሩን አነቃው፤ «ሲ…ጥ!» ከዚያ ልትታጠብ ገባች። መካኒኩ በፒክአፕ መጥቶ ሊጭንላቸው ነው።

አያት ብቻቸውን ቀሩ። ቦርሳቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ፋሻ፣ ውኃ፣ ስኳር፣ ትርፍ ካልሲ፣ መለኪያ ሜትራቸው፣ የልብስ ሰፊ ጠመኔያቸው፣ ጃንጥላቸው። ሞተሩን አዩት። ዛሬ ተሸንፎ ይሸጣል። ግን ደግሞ እንዲህ እየጮኸ ሰው ፊት ይቅረብ? እነዚያ ሁሉ ወንዶች ቆመው እያዩ፣ የሚጡ ሞተር እንዳልተቀባ በር ሲጢጥ ሲል፣ ያ ሽቦ የሚሉት ምላሱን ሲያወጣባት ታያቸው። ልጃቸውን የተጨማደደ አንገትጌ አልብሰው ከቤት አስወጥተው አያውቁም።

ከመሳቢያ ውስጥ ያቺን አፈ ቀጭን የዘይት ጠርሙስ አወጡ። የስፌት መኪናቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጠጧት ነበረች፤ ያቺ መኪና አንድም ቀን ሳትጮህባቸው ነው ያረጀችው። መነጽራቸውን አደረጉና ከሞተሩ ፊት ቁጢጥ አሉ። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጆሮ አላቸው። ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባቸው እንደ ሳህን የሚያብረቀርቁ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ከነሱ ነው። ጠብ፣ ጠብ አደረጉ። በጣታቸው ዳር እስከ ዳር አዳረሱት። የተረፈውን በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ፍሬኑን ያዝ እያደረጉ ሞተሩን ትንሽ ገፋ አደረጉት።

ጸጥ።

«እሰይ!» አሉ ለራሳቸው። «ጠምቶህ ኖሯል።»

ወዲያው የፒክአፑ ጥሩምባ ጮኸ፣ ሚጡ ጸጉሯን ሳታደርቅ ወጣች፣ መካኒኩ ገባ፣ መጫን፣ ማሰር፣ «ቀስ በሉ!» ማለት መጣ። በዚያ ግርግር መሃል ዘይቱ ከአያት ሐሳብ ወጣ።

የመጋዘኑ ግቢ ድሮ ትላልቅ የጭነት መኪናዎች የሚዞሩበት ነበር። ረጅም ባዶ አስፋልት፣ ከዳርና ከዳር ሣር የበቀለበት፣ ከጫፉ ላይ ግራጫ የድንጋይ ግድግዳ። መካኒኩ ግድግዳው ሩቅ ነው ብሎ ማለላቸው፤ ለአያት ዓይን ግን አፍንጫቸው ሥር ነበር። መካኒኩ አስፋልቱን ያቋረጠ ነጭ ፕላስተር ለጠፈ። «በሰማንያ ትመጣላችሁ። የፊት ጎማችሁ ይህን ሲነካ ፍሬን ትይዛላችሁ። አንድም ሰው ከሰማንያ እንዳያልፍ!» አያት ጠመኔያቸውን ይዘው ከፕላስተሩ ወዲህ ከዳር ቆሙ። ፀሐዩ ከርሮ ስለነበር ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል።

መጀመሪያ መምህሩ መጣ። ሆንዳው እንደተባለለት እንደ ሐር ተስቦ መጣና ሳይንገዳገድ ቆመ። አያት ጎንበስ ብለው ከጎማው ፊት በጠመኔ አሰመሩ። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ያማሃዋ እየዘፈነች ደርሳ አፍንጫዋን ደፋች፤ ከመምህሩ መስመር ጥቂት ወዲህ ቆመ። ሦስተኛው ሽቦ ነበር፤ ካዋሳኪው አረንጓዴ ሆኖ ሲታይና ሲደርስ አንድ ሆነ። ከመስመሩ ሁሉ አልፎ ሄዶ ነው የቆመው።

«ሰማንያ ነው ያልኩህ!» ብሎ መካኒኩ ጮኸበት። «መቶ ገብተሃል!»

«ፍጥነቱ አይታወቀኝም እኮ፣ ማስተር! ሞተሩ ነው!»

«ሞተሩ ጋዝ ራሱ ይሰጣል? እጅህ ነው! ያንተ አይቆጠርም፤ መጨረሻ ላይ ትደግማለህ።»

«አሁን አፉን ይዘጋል ተብሎ ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሚጡ እስከዚያ ሄልሜቷን አጥልቃ ሱዙኪውን አስነስታ፣ የኋላውን ፍሬን ብቻ እየረገጠች በቀስታ ወደ ማዶኛው ጫፍ ሄዳለች። አያት በዓይናቸው ሸኟት። ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ሆነች።

ሽቦ እያጉረመረመ ካዋሳኪውን አቆመና የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። እንዳይወድቅ አንድ እጁን የፊት ጎማው ላይ፣ ያ ሳህን የመሰለው ብረት ላይ አሳረፈ።

«አንሳ እጅህን!» አለው መካኒኩ። «የፍሬን ዲስክ ላይ እጅ ይጫናል? የላብህን ቅባት እንኳ አይወድም።»

አያት ዞር አሉ። «ቅባት አይወድም?»

«አይወድም፣ እማማ። ፍሬን የሚያቆመው ሸራው ዲስኩን ሲፈትገው ነው። ደረቅ መሆን አለበት።»

«ዘይትስ? ትንሽ… ትንሽ ዘይት ቢነካው?»

«ዘይት ከነካውማ ፍሬን የለም ይበሉት። ይንሸራተታል እንጂ አይዝም።»

ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ሌላ ሐሳብ እንደ መርፌ ወጋቸው፤ ብናገር ማን ያምነኛል? ሞተሩ ቢሸነፍ የምጠቀመው እኔ ነኝ። ሆን ብላ አደረገችው ይላሉ። ሚጡዬ ራሷ እንዲህ ትለኛለች። ዓይኗን ከእኔ ታነሳለች።

ከማዶ የሱዙኪው ድምፅ ከፍ አለ።

«አስቁሟት!» ብለው ጮኹ። «ዘይት ቀብቼዋለሁ! እኔ ነኝ፣ ፍሬኑን ዘይት ቀብቼዋለሁ! ወይኔ ልጄን!»

ሦስቱ ወንዶች እጃቸውን እያወናጨፉ ዘለሉ፣ ጮኹ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም እንዲሁ እየጮኹና እየዘለሉ ስለነበር፣ ለሚጡ ማበረታቻ እንጂ ሌላ አይመስላትም። ሰማያዊው ነጥብ እየተለቀ መጣ። አያት የሚሆኑትን አያውቁም፤ እግራቸው ግን ያውቃል። የተዘረጋውን ጃንጥላ እንደያዙ፣ ሻርፓቸው እየተጎተተ፣ ነጩን ፕላስተር አልፈው ወደ አስፋልቱ መሃል ሮጡ። ጃንጥላውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙና ቆሙ።

«እማማ፣ ይውጡ!» እያለ መካኒኩ ከኋላ ይሮጣል። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የሞተሩን ድምፅ ብቻ አዳመጡ።

ድምፁ ወረደ።

በአንዴ አልነበረም። መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ማርሽ ሲቀንስ አንዴ አጓራ፣ ደግሞ ላላ፣ ደግሞ አጓራ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሱዙኪው ገና ሩቅ ነው፤ በኋላ ጎማው እየጎተተ፣ እንደ ደከመው ሰው እየተሳበ መጥቶ ከጃንጥላው በፊት ቆመ። ሚጡ የሄልሜቱን መስታወት ወደ ላይ መለሰች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«ጃንጥላሽን አየሁ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጋዙን ለቅቄ የፊቱን ፍሬን ስይዘው… የለም እማዬ! ጭራሽ የለም! በኋላው ነው የቆምኩት። እንዴት አወቅሽ?»

አያት ጃንጥላውን ይዘው እንደቆሙ ነገሯት። ጠዋት ያደረጉትን ሁሉ፣ ጠብታውን፣ ጣታቸውን፣ መሐረባቸውን ሳይቀር ነገሯት። ሌሎቹም ደርሰው ዙሪያቸውን ቆሙ። ቀድሞ አፉን የከፈተው ሽቦ ነበር።

«አይ እማማ» አለ፤ ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፣ ግን አልሆነለትም። «ውርርድ እንዲህም ያሸንፋሉ?»

ይህን ነበር የፈሩት። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አሉ አያት፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እንድትሸነፍ ፈልጌ ነበር፤ አልክድም። እየጮኸችባት እንድትሸነፍ ግን አልፈለግሁም። ሰው ፊት እንዳትዋረድብኝ ብዬ ነው።»

ሚጡ ሄልሜቷን አወለቀች። አያቷን አየቻቸው። አያት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

«ሽቦ» አለች ሚጡ፣ ዓይኗን ከአያቷ ሳታነሳ። «እኛ ቤት የሚጮህ ነገር የለም። የበሩ ማጠፊያ፣ መቀሱ፣ አልጋው፣ ሁሉም ዘይት ጠጥቷል። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የሕፃን ጋሪ ሰው ሳያያት ቀብታው መጣች። የልጅነት ብስክሌቴን ኮርቻ ሳይቀር ቀብታ፣ ትምህርት ቤት በቀሚሴ ላይ የዘይት ክብ ይዤ ውያለሁ። ይህችን ሴት ሆን ብላ ነው የምትላት አንተ አታውቃትም።»

ዳቦ ጋጋሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። አያት ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሚጡ አቀፈቻቸው።

ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ሞተሩን አየችው። «ያም ሆኖ ስምምነት ስምምነት ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ሦስቱ ቆመዋል፣ የእኔዋ አልቆመችም። እሸጣታለሁ፣ እማዬ።»

አያት ስንት ሌሊት የለመኑት ነገር ይኸው እጃቸው ላይ ወደቀ። «ይሁን» ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ልጅቷን አዩአት። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ትንሽ ሳለች መርፌ ስትወጋ አላለቅስም ብላ እንደምትነክሰው።

«አይሆንም» አሉ። ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ገረማቸው። «ያጠፋሁት እኔ፣ የምትቀጣው እሷ? ማስተር፣ ይህን ዘይት ጥረግላትና እንደ ሰው ትፈተን።»

«መጥረግ ብቻ አይበቃም፣ ሸራው ጠጥቶታል» አለ መካኒኩ። ወደ ፒክአፑ ሄዶ ከመሣሪያ ሣጥኑ እሽግ ይዞ ተመለሰ። «አዲስ ሸራ ይዤላት ነበር፤ ከፈተናው በኋላ ልቀይርላት። የምትጮኸውም የድሮ ባለቤቷ ያለቀ ሸራ ትቶባት ነው፤ የሞተሯ ጥፋት አይደለም። ብቻ አዲሱ ትንሽ ዙር ይፈልጋል፤ እንደ አዲስ ሸክላ ድስት መሟሸት አለበት።»

«እንግዲህ ይሟሽ» አሉ አያት።

እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ መካኒኩ ዲስኩን በአልኮል ሲፈትግ ንጹሕ ጨርቅ አቀበሉት። አሮጌውን ሸራ አውጥቶ አዲሱን አስገባ፤ ሚጡ በዝግታ እየዞረች ፍሬኑን እየያዘች እየለቀቀች አሟሸችው። መካኒኩ ራሱ ወጥቶበት ሞከረውና አውራ ጣቱን አሳየ። ከዚያ ሚጡ እንደገና ወደ ማዶ ሄደች።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ጠበቁ። ሱዙኪው አልመጣም። ድምፁ ግን ይሰማል፤ በቆመበት ያንጎራጉራል።

«ምን ሆና ነው?» አለ መምህሩ።

መካኒኩ ወደ አያት ዞረ። «እማማ… ጃንጥላዎ።»

ጃንጥላው ለፀሐዩ እንደተዘረጋ ነበር። ልጅቷ ከማዶ፣ እግሯን መሬት አድርጋ፣ እሱን እያየች ትጠብቃለች። ካላጠፉት አትመጣም። እስኪመሽ ቢያቆዩት እስኪመሽ ትቆማለች። ወደ ግድግዳው አዩ፣ ወደ መስመሩ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ጃንጥላውን አጠፉት።

መጣች። አገጯን ብረቱ ላይ ደፍታ፣ ነፋሱን ሰንጥቃ መጣች። ነጩን ስትነካ ሱዙኪው ያለ አንዳች ጩኸት ጎንበስ ብሎ ቆመ። አያት ሄደው ከጎማው ፊት አሰመሩ፤ እጃቸው አንዲት ጣት ታህል ወዲያም ወዲህም አላለም። ከዳቦ ጋጋሪው አለፍ፣ ከመምህሩ ጥቂት መለስ ያለ መስመር ነበር። ሽቦም ደገመ፤ በዚህኛው ጊዜ ሰማንያን አክብሮ መጣና ከሁሉም ባጠረ ርቀት ቆመ። አፉ ለአንድ ሳምንት እንደማይዘጋ ሁሉም አወቀ።

«ሆንዳ ተሸነፈ!» አለ ሽቦ እየዘለለ። «አደብ ያለው ልጅ!»

«ሆንዳው ምን አጠፋ? የተሸከመውን አታየውም?» አለ መምህሩ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። «ክብደት ሲጨምር ማቆም ይከብዳል። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ለራሴ ግን ዛሬ ገባኝ።»

አያት አራቱን መስመሮች ተመለከቷቸው። ሻርፓቸውን ቢዘረጉት ሁሉንም የሚሸፍን ነበር። ይህን ለማየት ነው ለካ እንቅልፍ ያጡት። ተሸንፈዋል፤ እንዲህ ቀለል ብሏቸው ተሸንፈው ግን አያውቁም።

ከቦርሳቸው ያቺን አፈ ቀጭን ጠርሙስ አውጥተው ለመካኒኩ ዘረጉለት። «ይህን ቆልፍበት፣ ልጄ። እኔ አልታመንም።»

መካኒኩ ጠርሙሷን ኪሱ ከተተና በርከክ ብሎ የኋላ ጎማውን የሚጎትተውን ካቴና አሳያቸው፤ አንዱ አንዱን እንደ ጥልፍ የያዘ የብረት ሰንሰለት ነው። «ይህ ግን ዘይት ይወዳል፣ እማማ። የራሱን ወፍራም ዘይት። በየሳምንቱ ካልተቀባ ይጮሃል።»

«ይጮሃል?» አሉ አያት፣ ዓይናቸው በርቶ።

«ያንቺ ሥራ ይሁን፣ እማዬ» አለች ሚጡ። «ካቴናው ብቻ!»

ታርጋው ወጣ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አያት በርጩማቸውን ወደ በረንዳው ጥግ ያወጣሉ። መጀመሪያ ከአሮጌ አንሶላ የሰፏቸውን፣ አፋቸው በገመድ የሚሰበሰብ ሁለት ክብ ከረጢቶች በፍሬን ዲስኮቹ ላይ ያለብሳሉ፤ አንዲት ጠብታ እንዳትፈናጠር። ከዚያ ካቴናውን ቀለበት በቀለበት ይቀባሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ከረጢቶቹን ያወልቃሉ፣ ጃንጥላቸውን ያነሳሉ፣ ከግቢው በር ወጥተው መንገዱ ዳር ይቆማሉ።

ጃንጥላው ይዘረጋል። አያት ወደ ግራ ያያሉ፣ ወደ ቀኝ ያያሉ፣ ደግሞ ወደ ግራ። መንገዱ ባዶ ሆኖ እንኳ አንዳንድ ቀን ጃንጥላው ለመታጠፍ ይዘገያል። ሚጡ ሞተሯን አስነስታ፣ እግሯን መሬት አድርጋ ትጠብቃለች።